በቅዳሜ ሹር ያላነከሰ እግር

ንግሥቲ ሰውን ፊቱን ሳታይ፣ ከኋላው በአረማመዱ ብቻ ታውቀው ነበር። ማለዳ ከኡራኤል በታች ካለው ቤቷ ወጥታ ወደ ሥራ ስትሄድ ከፊቷ የሚራመደውን ሁሉ በዓይኗ ትመረምራለች፤ ይህኛው ወገቡን ታሟል፣ ያቺ የግራ ጉልበቷን ትፈራለች፣ ያ ደግሞ ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያደረው። ሥራዋ ያስለመዳት ነገር ነው። በአንድ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ረዳት ሆና ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል። ጀሶ የወጣለትን ክንድ፣ ፖሊዮ የመታውን የልጅ እግር፣ አልጋ ላይ ብዙ ከመተኛት የተኮማተረውን ጉልበት ቀስ እያደረገች ታፍታታለች።

ከተምቤን አዲስ አበባ የመጣችው ገና በልጅነቷ ነው። ሆስፒታሉ ሲቀጥራት ወለል ጠራጊ ነበረች። አንድ ቀን ክፍሉን የምትመራው ስዊድናዊት ሲስተር መጥረጊያዋን ተቀበለቻትና እጇን ይዛ በአንድ ሕፃን ቁርጭምጭሚት ላይ አኖረችው።

«ጡንቻ የደነገጠ ልጅ ነው» አለቻት በተሰባበረ አማርኛዋ። «በኃይል ከጎተትሽው ይሸሻል። እስከሚሰማው ድረስ ውሰጂው፣ እስከሚያመው አይደለም። ከዚያ ቁሚና ጠብቂው። ራሱ ይመጣል።»

ንግሥቲ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ትምህርት አልተማረችም፤ ሌላም አላስፈለጋት። ሲስተሯ የምትጠብቀው የግድግዳ ሰዓት እያየች ነበር። ንግሥቲ ግን አንድ ጡንቻ ላይ የምትቆየው አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልቧ እስክትደግም ድረስ ነው። ሁለቱ መለኪያዎች ብዙም ሳይራራቁ ኖሩ። ሲስተሯ ወደ አገሯ ስትመለስ ሰዓቱ ቆመ፤ ባትሪ የሚቀይርለት ጠፋ። የንግሥቲ መለኪያ ግን ቀጠለ።

ያን ጊዜ፣ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ዓመት፣ በከተማው ውስጥ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ የሚሄድ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ከላይ እንደሚወድቅበት ትከሻውን ወደ ጆሮው ሰቅሎ ይራመዳል። ማታ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ራቱን በልቶ እንኳ ትከሻው አይወርድም። አእምሮ ራሱን ያታልላል፤ ደህና ነኝ፣ እኔን አይነኩኝም ይላል። ሥጋ ግን እንዲህ ያለ ማታለል አያውቅበትም። የፈራውን ፍርሃት ቋጥሮ ያስቀምጠዋል፤ አንዱ ማጅራቱ ላይ፣ አንዱ ወገቡ ላይ፣ አንዱ መንጋጋው ላይ። በንግሥቲ ክፍል ደጃፍ ላይ በየቀኑ የሚሰለፈው ራስ ምታተኛና ወገብ ታማሚ አብዛኛው ሌላ በሽታ አልነበረበትም።

የራሷ ፍርሃት ግን የተቋጠረው ከራሷ በላይ፣ ከጨርቁ ኮርኒስና ከጣሪያው ቆርቆሮ መካከል ነበር። አንድያ ልጇ ኃይለኪሮስ እዚያ፣ ጨርቁን በደገፉት ቀጫጭን አግዳሚዎች ላይ ተኝቷል።

በኅዳር ወር ጓደኞቹ በአንድ ቀን ተለቅመው ሲታሰሩ እሱ በጓሮ አጥር ዘሎ ገባ። ንግሥቲ ያን ዕለት ወደ ላይ አወጣችው፤ ለጎረቤት ሁሉ «ጠፋብኝ፣ የት እንደገባ አላውቅም» ብላ አለቀሰች። ልቅሶው የውሸት አልነበረም። የቀበሌ ሰዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ቤቱን አገላበጡ፤ ፍራሹን በሳንጃ ወጉ፤ ቁም ሣጥኑን ገለበጡ። አንዱ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና አስነጠሰው፤ «አቧራሽ ይገድላል እማማ!» ብሎ ወጣ።

እላይ መቀመጥ አይቻልም። መቆምማ አይታሰብም። ኃይለኪሮስ በጎኑ ተኝቶ ይውላል፤ ጎኑን የሚገለብጠው ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ጣሪያውን ሲያንቀጠቅጠው ብቻ ነው። ያን ጊዜ በምሥራቅ ጦርነት ስለነበረ ደግነቱ አውሮፕላን አይጠፋም። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ይጠብሰዋል፤ ከምሽት በኋላ ያንዘፈዝፈዋል።

ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ፣ አንድ ምሽት እንጀራ ሊበላ በመሰላል ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። እናቱ ደግፋ ምንጣፍ ላይ አስተኛችውና የጭኑን ኋላ በመዳፏ ዳሰሰች። እንደ ደረቀ ጠፍር ጠንክሮ አጥሯል። ይህን ከአልጋ ቁራኞች እግር ላይ አሳምራ ታውቀዋለች። መዳፏን ደግማ አሳለፈችበት።

«ምነው እማ?»

«ምንም። ብላ።»

ምንም አልነበረም ማለት ግን አይደለም። ከጥቂት ቀን በፊት ከሥራ ስትመለስ የሰፈሩን አንድ ልጅ ሲይዙት አይታለች። ከአልጋ ሥር ይሁን ከጉድጓድ፣ ከተደበቀበት ወጥቶ አስፋልት ሊሻገር ሲል ጉልበቱ አልዘረጋ ብሎት እንደ ሽማግሌ ተጎተተ። ከቀበሌ ጠባቂዎቹ ፊቱን ያወቀው አልነበረም፤ ስሙን የጠየቀው አልነበረም። ጠባቂዎቹ ተሳሳቁ። «ያውላችሁ፣ የቆጥ ዶሮ!» አለ አንዱ። ለካ እንዲህ ተደብቆ ለሚወጣ ስም አውጥተውለታል። ብዙ ቆይቶ የወጣ ሰው ዓይኑ ፀሐይ ይፈራል፣ እግሩ መሬት ይፈራል፤ እነሱም ይህን ለምደውታል። ንግሥቲ ያን ሌሊት አልተኛችም። ልጇ አንድ ቀን ከዚህ ቤት መውጣቱ አይቀርም። በወጣ ዕለት የሚገድለው የገዛ እግሩ ነው።

ከማግሥቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ጎረቤቷ የሺአረግ ከግድግዳው ወዲያ የምታስነጥሰው እንኳ ስለሚሰማ ያለ ሬዲዮ የሚሆን ነገር አልነበረም። የአብዮቱ መዝሙሮች ሲንጫጩ ኃይለኪሮስ ይወርዳል። መጀመሪያ ደሙ እንዲሞቅ በቆመበት እንዲረግጥ ታደርገዋለች፤ ቀዝቃዛ ጅማት መሳብ ደረቅ እንጀራ እንደማጠፍ ነው። ቀጥሎ መዳፉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አንዱን እግሩን ወደ ኋላ ታስረዝመዋለች፣ ተረከዙ መሬት ሳይለቅ። በጀርባው አስተኝታ ነጠላዋን በውስጥ እግሩ ላይ ጠልፋ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ላይ እንዲስበው ታደርገዋለች። ደረቱ ደግሞ እንዲከፈት በበሩ መቃን መካከል ክንዱን ዘርግቶ ይቆማል። በየአንዳንዱ ላይ አንድ አቡነ ዘበሰማያት።

«አትዝለልበት! ጡንቻ ላይ አይዘለልም፣ ይበጠሳል።»

«ታዲያ እኮ አላለቀም ጸሎትሽ። ዛሬ ውዳሴ ማርያም ጨመርሽበት እንዴ?»

«ተንፍስ። እስትንፋስህን ለምን ትይዛለህ? የሚሰርቅህ የለም።»

«እማ፣ ለመሞት ይህን ያህል መለጠጥ ያስፈልጋል?»

«ለመሞት ምንም አያስፈልግም» አለችው። «ለመኖር ነው። ተረከዝህን አውርድ ወደይ፣ ልጄ።»

መጀመሪያ ላይ ያላግጥ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ማላገጡን ተወ። ከቀትሩ ሙቀት ጋር የሚመጣው ራስ ምታት ቀነሰለት። የታሰረው ሆዱ ተፈታ። ወገቡ በጎኑ ተኝቶ መዋሉን ይችልለት ጀመር። ሌሊት ጥርሱን ማፋጨቱን ተወ፤ ይህን ንግሥቲ ከሥር ሆና ትሰማዋለች። ከሁሉ ይልቅ የገረማት ጠባዩ ነው። በገና ሰሞን «ልውጣና ይግደሉኝ» እያለ የሚያስለቅሳት ልጅ በሁዳዴ መካከል መጽሐፍ አምጪልኝ ይላት ጀመር። ሰው ራሱን እንዲያጽናና ሲመክሩት አይሰማም። ቁርጭምጭሚቱን በሚገባ ሲይዙለት ግን አንዳች ነገር ውስጡ ይሰማል፤ የትኛው ነፍስ፣ የትኛው ሥጋ እንደሆነ ንግሥቲ ጠይቃ አታውቅም። መልሱም ለሥራው አያስፈልግም ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ መውጫው ተገኘ። አረጋዊ የሚባል የአገሯ ሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ለበዓሉ ከደብረ ብርሃን በግ ጭኖ ገብቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን ወደ ደሴ ይመለሳል። ደሴ የንግሥቲ እህት አለች።

«ሰፈርሽ ድረስ መጥቼማ አልወስደውም» አለ አረጋዊ። «የልጆች አባት ነኝ። ከመገናኛ አልፌ የኮተቤ መንገድ ላይ ጎማ የምቀይር መስዬ እቆማለሁ። በእግሩ ይምጣ። ካልመጣ…»

«ይመጣል» አለችው።

መታወቂያውን ከወንድሟ ልጅ ከገብረአምላክ ተዋሰች። ገብረአምላክ ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ከኃይለኪሮስ ጋር አፍንጫቸው የሚመሳሰል፣ ከአፍንጫው በላይ ግን እምብዛም የማይገናኝ ሰው ነው።

ቀኑን አስባ መረጠችው፤ በምርጫዋም ደስ ብሏት ነበር። ዓርብ ስቅለት ነው። ከተማው ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰግድ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ሰው በዚያን ቀን ሲወድቅ ሲነሣ ይውልና በማግሥቱ ቅዳሜ ሹር ጭኑ ተሳስሮ፣ ባቱ ተቋጥሮ፣ ደረጃ መውረድ አቅቶት ያነክሳል። ሽማግሌው ያነክሳል፤ ኮረዳዋ ታነክሳለች። እንግዲህ የኃይለኪሮስ እግር ቢከዳው እንኳ በአንካሳ ከተማ ውስጥ አንድ አንካሳ ማን ያየዋል? ያም ሆኖ ማፍታታቱን አልተወችም፤ እንዲያውም በሰሞነ ሕማማት ጠዋትም ማታም አደረገችው። ለሁሉም ጥሩ ነው ብላ። ፍርሃት እንዲህ ነው። ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ ያስውጣል፤ አንዱ ሌላውን እንደሚያፈርስ ግን አይነግርም።

ዓርብ ኡራኤል ስትሰግድ ዋለች። የልጇን ስም እየጠራች ወደቀች ተነሣች። ኃይለኪሮስ በበኩሉ እላይ ተኝቶ በአንገቱ ብቻ ሰገደ። ማታ ቤቷ ስትመለስ እሱን አፍታትታ፣ ወጌሻ እንደነካው አድርጋ ስታበቃ ራሷን ማፍታታት ረሳች፤ አክፍሎት ይዛ ስለነበር ውኃም ሳትቀምስ ወደቀች።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነበር፤ ሁሉም ራሱ ላይ ለምለም ቀጤማ አስሯል። ንግሥቲ ለልጇ ቀጤማውን ግንባሩ ላይ አጠበቀችለት፣ ጋቢውን እስከ አገጩ አለበሰችው። ሬዲዮኑ ሲጮኽ በጓሮ ወጡ። የሰፈራቸው ጠባቂዎች እሳት ከበው ሲሞቁ በሰው መካከል አለፏቸው።

መንገዱ እንዳሰበችው ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም ታሞ ወጥቷል። አንዲት ሴት ከመንገድ ጠርዝ ለመውረድ ባሏን ይዛ «ኧረ ቀስ! ኧረ እግሬን!» ትላለች። አንድ ጎረምሳ እግሩን ከፍቶ እንደተገረዘ ልጅ ይሄዳል፤ ጓደኞቹ ይስቁበታል፣ እነሱም በየተራቸው ያቃስታሉ። ንግሥቲ የራሷ ጭን እንጨት ሆኖባት በየእርምጃው ጥርሷን ትነክሳለች።

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ አለፍ እንዳሉ ዘወር ብላ ልጇን አየችው።

ኃይለኪሮስ ይሄዳል። ጉልበቱ እየተዘረጋ፣ ተረከዙ እያረፈ፣ ወገቡ ሳይዝ፣ ትከሻው ሳይሰቀል፣ እንደ ሙሽራ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ በሚጎተት ሕዝብ መካከል ቀጥ ብሎ የሚራመድ አንድ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ወደይ…» ልትለው ጀመረች። ግን የፍተሻ ኬላ ደርሰው ነበር።

አንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ጋ ምንሽር ያነገተ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ጠባቂ ቆሟል። ከዛፉ ጥላ ሥር አንድ ወጣት ካድሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ በዚያን ቀን እንቁላል መብላቱ ሁሉም እንዲያይለት ወደ መንገዱ ዞሮ ነው የሚልጠው።

ጠባቂው ወደ እነሱ ሲመጣ ንግሥቲ አረማመዱን አየች። የሁለቱም ጭኖች ፊት፣ ሁለቱም ባቶች። አንድ ተኩል ቀን ያልሞላው ሕመም።

«ጓድ መኩሪያ!» አለ ካድሬው። «ዛሬ ምነው እንደ ዳክዬ?»

«ያው የሐሙሱ የልማት ቁፋሮ ነው ጓድ። ቦዩ ወገባችንን ቆረጠው እኮ» አለ መኩሪያ ሳይዞር። መታወቂያውን ተቀበለ። «ገብረአምላክ… የት ነው የምትሠራው?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ወዴት ነው?»

«ኮተቤ። አክስቴ ታማብን።»

መኩሪያ ፎቶውን አየ፤ ፊቱን አየ፤ ፎቶውን ደግሞ አየ። ከጀርባቸው ሰው ተከምሯል። «እለፉ» አለና መለሰለት።

ገመዱን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ከኋላ «ቁም!» የሚል የካድሬው ድምፅ መጣ። «አንተ ረጅሙ! ተመለስ። እንዳትሮጥ፣ እንደ ቅድምህ ሂድ። ና። አሁን ወደዚያ ሂድ። እንደገና ና።»

ኃይለኪሮስ ሄደ፣ መጣ። ካድሬው እንቁላሉን አስቀመጠ።

«አየኸው ጓድ መኩሪያ? ከንጋት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ የማየው ሁሉ አንካሳ ነው። ሕዝቡ ትናንት ሲወድቅ ሲነሣ ውሎ ዛሬ እግሩን ይጎትታል። ይኸኛው ግን የፈረስ አካሄድ ነው የሚሄደው። ራሱ ላይ ቀጤማ አስሯል፤ እግሩ ግን አልሰገደም። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።» ተነሣና ወደ ልጁ ተጠጋ። «ይኼ የሠለጠነ እግር ነው። የት ነው የሠለጠንከው? ጫካ?»

ንግሥቲ ስንት ወር ሙሉ በእጇ ስታበጀው የኖረችው ነገር ነው አሁን የሚያስገድልባት።

«እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት» አለች።

«ምን አልሽ እማማ?»

«የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ ሆስፒታል የታሰረ ጅማት የማፍታታ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ነው። ማታ ከስግደት ሲመለስ እግሩን አፍታታሁለት። የተፍታታ እግር አይታሰርም።»

ካድሬው ከላይ እስከ ታች አያት። «ታዲያ አንቺ? አንቺ ራስሽ እንደ ጠረጴዛ አይደል እንዴ የምትሄጂው?»

«እኔንስ ማን ያፍታታኛል ልጄ? እሱን ሳፍታታ ደክሞኝ ተኛሁ።»

ከተሰለፈው ሰው መካከል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ካድሬው አልሳቀም።

«እንግዲያው አሳዪኝ። እዚሁ። በእሱ ላይ።» ጣቱን ወደ መኩሪያ ቀሰረ። «ጠመንጃህን አምጣ ጓድ። እግሩ ከቀለለው ትሄዳላችሁ። ካልቀለለው ሁላችንም ቀበሌ እንሄዳለን።»

ምንሽሩን ተቀብሎ ወንበሩ ላይ ተመለሰና ጉልበቱ ላይ አጋደመው፤ አፈሙዙ ወደ ኃይለኪሮስ ዞሮ ቀረ።

ንግሥቲ መኩሪያን ወደ ድልድዩ ግንብ ወሰደችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሚንቀጠቀጥ እጅ የሰው ሰውነት አይነካም፤ ሥጋ ፍርሃትን ከእጅ ይቀበላልና። ስለዚህ መጀመሪያ የራሷን ትከሻ አወረደች፣ አየሩን በረጅሙ አስወጣች። ሌላ ጊዜ ለሕሙማኗ የምትለውን ለራሷ አደረገች።

«መዳፍዎን ግንቡ ላይ ያድርጉ። የግራ እግርዎን ወደ ኋላ። ተረከዝዎ ከመሬት አይነሣ። አሁን ቀስ ብለው ወደ ግንቡ ይደገፉ። ሲሰማዎት ይቁሙ።»

«ተሰማኝ። ኧረ ተሰማኝ!»

«እንግዲያው እዚያው ይቆዩ። አይግፉት፤ ይጠብቁት። ይተንፍሱ።»

አውራ ጣቷን ባቱ ላይ አደረገች። ከሥሩ እንደ ተያዘ ወፍ የሚርገበገብ ቋጠሮ አለ። ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ እያነቃነቀች ጀመረች፤ አቡነ ዘበሰማያት… መኩሪያ በክንዱ ሥር አያት። የከንፈሯን አካሄድ አወቀው። የእሱም ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ምንድን ነው የምታጉተመትመው?» አለ ካድሬው።

«እየቆጠርኩ ነው ጓድ» አለ መኩሪያ።

ሌላውን ባት፣ ከዚያ ጭኖቹን፣ ከዚያ ተረከዙን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ከወገቡ ጎንበስ እንዲል አደረገች። በየአንዳንዱ ላይ እኩል ይጨርሳሉ። አይቸኩሉም። መኪና ቢመጣ፣ ሰው ቢያጉረመርም፣ ካድሬው ምንሽሩን ቢያገላብጥ አልቸኮለችም፤ ብትቸኩል ጡንቻው እንደሚሸሽና ልጇም እንደሚያልቅ ታውቃለች። በዚያ መንገድ ላይ በዚያ ማለዳ ምንም ነገር በኃይል ያልጎተተ እጅ የእሷ ብቻ ነበር።

ቋጠሮው ተፈታ። ከጣቷ ሥር ሙቀት ሆኖ ሲፈስ ተሰማት።

«ይራመዱ እስቲ።»

መኩሪያ ተራመደ። ቆመ። ደግሞ ተራመደ። «እግዚ…» አለና ዋጠው። «እግሬ ጓድ፣ እግሬ ቀለለኝ እኮ!»

የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ «ለእኛም ያድርጉልን!» አለ አንዱ ከኋላ። ካድሬው ግን ዓይኑን አጠበበ። ያላሰበው ነገር አሁን መጥቶለታል።

«ቆይ እንጂ። ባለሙያ ከሆንሽ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይኼ የጓድ መኩሪያ እግር የአካፋ ነው ወይስ የስግደት?»

የመኩሪያ ፊት አመድ መሰለ። ካድሬው ይህን ጥያቄ ከንጋት ጀምሮ በሆዱ ይዞት እንደነበር ለንግሥቲ ገባት። የመኩሪያ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ሲሰበሰብ የተላጠ ቆዳ አይታለች፤ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ የላጠው ነው። የምታየውን ብትናገር የካድሬው ዓይን ከልጇ ላይ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይዞር ነበር። ይህም አልጠፋትም።

«አካፋ ነው» አለች። «ሰጋጅ እንደ እኔ ነው የሚሆነው፤ ደረቅ ብሎ ይቀራል። የእሳቸው ከወገብ የወረደ ነው። ቆፋሪ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣብን።»

ካድሬው ጥቂት ጠበቀ። ሌላ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ወደ ፊተኛው ተመለሰ። «እሺ። የልጁን መታወቂያ አምጣው። ፎቶው እሱ ነው?»

መኩሪያ መታወቂያውን ከኃይለኪሮስ ተቀብሎ ለብርሃኑ ከፍ አደረገው። አሁን በደንብ አየው። ንግሥቲ ሲያየው አየችው፤ አፍንጫውን፣ ከዚያ ቅንድቡን፣ ከዚያ ጆሮውን። አወቀ። እጁን ወደ ካድሬው ሊዘረጋ የሚችልበት ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ሆኖ ተሰማት።

«ምን ማለትዎ ነው ጓድ!» አለ መኩሪያ። «የእኔን ጤፍ የሚፈጭልኝ እሱ አይደል እንዴ! ይስረቀኝ እንጂ አውቀዋለሁ። አንተ፣ ባለፈው ዱቄቱን አጎደልክብኝ አይደል?»

«ይታረማል» አለ ኃይለኪሮስ።

«ሂድ ከፊቴ!» አለና መታወቂያውን ደረቱ ላይ ለጠፈለት። ካድሬው ትከሻውን ነቅንቆ ወደ እንቁላሉ ዞረ።

ከድልድዩ ሲርቁ ንግሥቲ ሳትዞር በጥርሷ መካከል «አንክስ» አለችው።

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደ ሰው!»

ሞከረ። «እንደሱ አይደለም፣ ግመል አደረግከው» አለች፤ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ የታሰረ ጭኗ ሳቁንም አልፈቀደላትም።

አረጋዊ ከኮተቤ መንገድ ዳር ደህናውን ጎማ ፈትቶ እየገጠመ ነበር። ላቡ በጎኑ ይወርዳል። ለስንብት ጊዜ አልነበረም። ንግሥቲ ሁለት እጇን በልጇ ትከሻ ላይ አድርጋ ወደ ታች ተጫነችው።

«አውርደው። የትም ብትሄድ ጠዋትና ማታ እንዳትረሳ።»

«አንድ አቡነ ዘበሰማያት» አላት።

«አትዝለልበት።»

መኪናው የበግ ጠረኑን ትቶ ሄደ። ወደ ቤቷ የተመለሰችው በሌላ መንገድ ነበር፤ ረጅም ነው፣ ደረጃም አለበት። ያን ቀን እንደዚያ መንገድ የረዘመባት ነገር የለም። ለፋሲካ ጾሟን ብቻዋን ፈታች።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። መኩሪያ ነበር፤ ጠመንጃ አልያዘም።

«ሆስፒታል ጠይቄ ነው ያገኘሁዎት» አለ ቆቡን እያሻሸ። «እግሬስ ደህና ነው። ይኼ ወገቤ…»

አስገባችው። ምን ታደርጋለች? ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኛችው፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እንዲያቅፍ ነገረችው። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ፊቱ ወደ ላይ መዞሩን ያስተዋለችው። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ አረፈ። ጨርቁ በአንድ በኩል የሰው ቁመት በሚያህል ቦታ ረግቧል፤ ወራት ሙሉ የተሸከመው ክብደት ቅርጹን ትቶበታል። መኩሪያ አየው። ጸሎቱ እስኪያልቅ አየው። ቀጥሎም ሌላ ጉልበቱን አቀፈ፤ አሁንም እያየው።

«ኮርኒስዎ ወርዷል» አለ በመጨረሻ።

«አዎ» አለች።

«ሰው ቢያየው ጥሩ አይደለም።» ቀስ ብሎ በጎኑ ተነሣ፣ እሷ እንዳስተማረችው። «ነገ ሚስማር አምጥቼ እወጥርልዎታለሁ።»

አመጣም። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ጨርቁን እየሳበ ሚስማሩን መታው። ቅርጹ ጠፋ። ከቀዳችለት ጠላ አንድ ኩባያ ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወገቡን ሲይዘው ይመጣል፤ ከመጣ አይቀር እንደ ምስጋና የወንበሩን እግር ወይም የበሩን ማጠፊያ ጠግኖ ይሄዳል። ንግሥቲ ግን በየጊዜው በሩ ሲንኳኳ ትከሻዋ መሰቀሉ አልቀረም። ይህንንም በየማለዳው በመቃኑ መካከል ቆማ ታወርደዋለች፤ በማግሥቱ ተመልሶ ይሰቀላል፤ እንደገና ታወርደዋለች። ማፍታታት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ሲስተሯም አልቋል ብላት አታውቅም።

ከደሴ ወሬ የመጣው ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ነው። አረጋዊ ምሽት ላይ ብቅ አለ፤ ቁጭ ሳይል፣ የሺአረግ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«እህትሽ ደህና ነኝ ትላለች። ልጁም አለ። ግን ንግሥቲ፣ ልጅሽ አእምሮው ደህና ነው?»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«እኔ እንጃ። እዚያ ባደርኩ ቁጥር አያለሁ። ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሄዶ ግድግዳ ይገፋል። እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ ይገፋል። ማታም እንዲሁ። ግድግዳው አልወደቀም እንጂ!»

ንግሥቲ እጇን ዘርግታ አጠገቧ ያለውን ግድግዳ ነካች፤ የልጇ መዳፎች የተደገፉበት ቦታ ላይ ኖራው አድፎ ጠቁሯል። መዳፏን እዚያ አኖረች፣ ተረከዟን ወደ ኋላ አወረደች፣ እና ጀመረች።